ማርክ ስፒትዝን በዛሬ ሰዓት ስንለካው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው ጓደኛዬ ከሥሩ "የዋና ሰው ነኝ ትል የለ፣ በል እስቲ ይሄን መልስ" ብሎ ጽፎበታል። የዋና ሰው እንኳን አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ትንሽ ዋኝቻለሁ፣ ካደግኩ ወዲህ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ኦሊምፒክ ሲመጣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ የምጮህ ነኝ። ግን ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ።

ጽሑፉ ስለ ማርክ ስፒትዝ ነው። ለማያውቀው፣ አሜሪካዊ ዋናተኛ ነው። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ሰባት ውድድር ገብቶ ሰባት ወርቅ ወሰደ፤ ሰባቱንም በዓለም ክብረ ወሰን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ አለበለዚያ ሁላችንም እንደናገራለን።) ሰባቱን ሜዳልያ አንገቱ ላይ ደርድሮ፣ በዚያ ጥቁር ሪዙ ፈገግ ብሎ የተነሳው ፎቶ ያላያችሁት አይመስለኝም።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የስፒትዝ ሰዓት በሁሉም ርቀት ዛሬ ሴቶች ከሚዋኙት የዘገየ ስለሆነ ሰባቱ ወርቅ የተጋነነ ነው ይላሉ። ከእሱ ወዲህ የመጣው ፍጥነት ደግሞ የዋና ልብስና የገንዳ ቴክኖሎጂ ነው እንጂ የሰው ብቃት አይደለም። በዚያ ዘመን ተፎካካሪ አልነበረውም። ከሰባቱ ሦስቱ የቅብብል ስለሆኑ የጓደኞቹ ናቸው። በ2008 ማይክል ፌልፕስ ስምንት ሲወስድ የስፒትዝ ነገር አበቃ፣ ለስፖርቱም የተወው ነገር የለም። መጨረሻ ላይ እንደ መዝጊያ ጥይት በ1992 ወደ ውድድር ለመመለስ ሞክሮ የወደቀበትን ታሪክ ያነሳሉ።

አጻጻፋቸው ጥሩ ነው፣ ይነበባል። ክርክሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ውሃ አያነሳም። የዋና ነገር ሆኖ።

ከሰዓቱ ልጀምር። በአንዱ ርቀት ልክ ናቸው። ስፒትዝ ሙኒክ ላይ 200 ሜትር ነጻ ዋናን በ1 ደቂቃ ከ52.78 ሰከንድ ጨረሰ። አውስትራሊያዊቷ አሪያርን ቲትመስ በ2024 1 ደቂቃ ከ52.23 ዋኝታለች። ትቀድመዋለች፣ አለቀ። "በሁሉም ርቀት" የሚለው ግን ስህተት ነው። በ100 ሜትር ነጻ ዋና ስፒትዝ 51.22 ነበር፤ ስዊድናዊቷ ሳራ ሾስትሮም በ2017 ክብረ ወሰን ስትሰብር 51.71 ነው የገባችው። በ100 ሜትር ቢራቢሮ (ሁለቱን እጅ አንድ ላይ ከውሃ እያወጡ ወደፊት የሚወረውሩበት ዋና ነው) ስፒትዝ 54.27፣ አሜሪካዊቷ ግሬቸን ዋልሽ በ2025 ሁሉን ያስደነቀችበት ሰዓት 54.60። ሃምሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በ200 ሜትር ቢራቢሮ ደግሞ ስፒትዝ 2 ደቂቃ ከ0.70 ሲሆን ቻይናዊቷ ሊዩ ዚጌ በ2009 ያስመዘገበችው ክብረ ወሰን 2 ደቂቃ ከ1.81 ነው። ከአራቱ የግል ውድድሮቹ በሦስቱ ሴቶቹ ገና እየቀረቡት ነው። (በነገራችን ላይ "ሴት ትቀድመዋለች" የሚለውን እንደ ስድብ መጠቀሙም ደስ አላለኝም። ቲትመስን የሚቀድም ወንድ ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ አሳዩኝ።)

ቁጥሩ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ችግር መለኪያው ራሱ ነው። በዚህ መለኪያ ማን ይተርፋል?

የራሳችንን ሰው እንውሰድ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከወጣ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ስንት ገባች? 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። የቶኪዮውን አበበ በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች፣ የሮሙን አበበማ ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥላው ትሄዳለች። እሺ ጸሐፊው፣ ይሄን ይዘው አዲስ አበባ አንዱ ካፌ ውስጥ ገብተው "አበበ የተጋነነ ነው" ይበሉና ማኪያቶዎን በሰላም ጨርሰው ይውጡ እስቲ። አይወጡም። ምክንያቱም እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አበበ ከማን ጋር እንደሮጠ ያውቃል። ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። አበበ እኮ ሣር ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር ሰውየው ሲገባ።

ስፒትዝም እንደዚያው ነው። በ200 ሜትር ቢራቢሮ ሁለተኛውን በ2.16 ሰከንድ ቀደመው። በ100 ሜትር ቢራቢሮ በ1.29 ሰከንድ። በአንድ ገንዳ ርዝመት ሄደህ በምትመለስበት ውድድር ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ግድግዳ መንካት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ይሄን አስቡ፦ ፌልፕስ በ2008 ቤጂንግ ላይ በዚሁ ውድድር ሰርቢያዊውን ሚሎራድ ቻቪችን ያሸነፈው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። 50.58 ለ50.59።

ሰዓትን እንደ ታቦት ለሚያዩ አንድ ወሬ ልጨምር፣ ከዚያው ከሙኒክ። በ400 ሜትር አራቱን የዋና ዓይነቶች በሚያፈራርቀው ውድድር ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በ0.002 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ሁለት ሺኛ ሰከንድ! በዚያ ፍጥነት ርቀቱ ሲሰላ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገንዳ የሚገነባው ግንበኛ እያንዳንዱን መስመር በሦስት ሚሊ ሜትር እኩል ሊያደርግ አይችልም፣ ስለዚህ ማን እንደቀደመ በእርግጥ አይታወቅም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዋና በመቶኛ ሰከንድ ብቻ እንዲለካ ተደረገ፣ ለዚህም ነው ዛሬ ሁለት ሰው እኩል ወርቅ ሲወስድ የምናየው። ሰዓቱ ራሱ ልኩን ያወቀው እዚያ ነው።

ወደ ቴክኖሎጂው እንሂድ። የአገሬ ሰው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል" ይላል። ወንድማችን ሁለት ባላ ተክለዋል፣ ግን አንደኛው ሁለተኛውን የሚሰብር ነው። መጀመሪያ "ስፒትዝ ከዛሬዎቹ ይዘገያል፣ ስለዚህ ትንሽ ነው" አሉ። ቀጥለው "የዛሬዎቹ ፍጥነት የቴክኖሎጂ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም" አሉ። ፍጥነቱ የልብሱና የገንዳው ከሆነ እኮ ስፒትዝን በዚያ ፍጥነት መለካት አይቻልም። ያለ ልብሱ ነዋ የዋኘው! ወይ አንዱን ይዘው ይሂዱ ወይ ሌላውን።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ልመን፣ ቴክኖሎጂው ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። እንዲያውም ከጻፉት በላይ አላቸው። እኔ ብሆን መነጽሩን ነበር የማስቀድመው። ስፒትዝ ሙኒክ ላይ ያለ መነጽርና ያለ ኮፍያ ነው የዋኘው። ሰው ይሄን ሲሰማ "እና ምን? ዓይኑን ጨፍኖ ይዋኝ" ይላል። ነገሩ ውድድሩ ላይ አይደለም፣ ልምምዱ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ የምዋኝበት ገንዳ ውስጥ መነጽር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ቆይተን ስንወጣ ዓይናችን በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፣ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ነበር የሚታየን፣ እናቴ "ምን ስታለቅስ ዋልክ?" ትለኝ ነበር። ያ አንድ ሰዓት ነው። እነዚያ ሰዎች በቀን ብዙ ሰዓት፣ ዓመት ከዓመት፣ ክሎሪን ውስጥ ነበሩ። ከሙኒክ በኋላ ባሉት ዓመታት መነጽር ሲለመድ የልምምዱ መጠን ጨመረ፣ ሰዓቱም ወረደ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ጂም ሞንትጎመሪ 100 ሜትርን በ49.99 ዋኝቶ ከ50 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከስፒትዝ አራት ዓመት በኋላ፣ ከአንድ ሰከንድ በላይ ፈጥኖ።

ልብሱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ብዙ ተጽፎበታል። በ2008 መጀመሪያ የዋና ልብስ አምራቹ ስፒዶ ያወጣው ልብስ፣ ቀጥሎም ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩት፣ ሰውን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉ ነበሩ። በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ሳምንት 43 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። ይሄ ጤነኛ ነገር አይደለም። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ታገደ፤ ወንዶቹም ከእምብርት እስከ ጉልበት የሚደርስ የጨርቅ ልብስ ብቻ እንዲለብሱ ተወሰነ። ከእገዳው በፊት፣ በዚያው በ2009 ሮም ላይ፣ ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ200 ሜትር ነጻ ዋና ያስመዘገበው 1 ደቂቃ ከ42.00 ፓሪስ 2024 ድረስ ማንም አልነካውም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ሁሉም ልብስ ነው ካልን የፓሪሱን ፓን ዣንሌን ምን ልናደርገው ነው? ቻይናዊው የ19 ዓመት ልጅ በጨርቅ ቁምጣ 100 ሜትርን በ46.40 ዋኘ። ያውም ገንዳው ጥልቀቱ አነሰ፣ 2 ሜትር ከ15 ነው፣ ሞገዱ ከሥር ይመለሳል፣ ፈጣን አይደለም ተብሎ ሁሉም ሲያማርርበት በነበረው ገንዳ። ስፒትዝ ከጎኑ ቢዋኝ ኖሮ ፓን ሲጨርስ ስፒትዝ ወደ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይቀረው ነበር። ያን ዘጠኝ ሜትር ልብስ አላመጣውም።

ብዙው የመጣው ከውሃ ሥር ነው። ለእኔ የዋና ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፣ ጸሐፊው ግን አንድ መስመር እንኳን አልሰጡትም። ስፒትዝ ከመነሻው ሲዘል ውሃ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ብቅ ይላል። የዛሬ ዋናተኛ ከመነሻውም ከመዞሪያውም በኋላ እጁን ዘርግቶ፣ ወገቡን እንደ ዓሣ እያማታ፣ ከሥር ይሄዳል። ከላይ ያለው ሞገድ እዚያ የለም። በ1988 ሴኡል ላይ አሜሪካዊው ዴቪድ በርኮፍ የጀርባ ዋናን ከግማሽ ገንዳ በላይ ከውሃ ሥር ሆኖ ይዋኘው ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ደነገጡ፣ ገደብ አበጁ፤ ዛሬ በጀርባም በቢራቢሮም በነጻ ዋናም 15 ሜትር ነው ገደቡ። በአንድ 100 ሜትር ውስጥ ይሄ ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ እስከ 30 ሜትር ማለት ነው። ይሄ ማሽን አይደለም። ሰው አስቦ፣ ሞክሮ፣ ሳንባው እስኪፈነዳ ተለማምዶ ያመጣው ነው። "የሰው ብቃት አላደገም" የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

የዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ስፒትዝ የዋኘበት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይሄዳል። አሰልጣኙ ዶክ ካውንስልማን ዋናተኞቹን ከውሃ ሥር በካሜራ እየቀረጸ እጃቸው በትክክል ምን እንደሚሠራ ያጠና ነበር። ከዚያ በፊት "እጅህን እንደ መቅዘፊያ ቀጥ አድርገህ ሳብ" ነበር ትምህርቱ። ካውንስልማን የእነስፒትዝን እጅ ፊልም ላይ አየና፣ ከውሃ ሥር ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ እንደሚጠማዘዝ አሳየ። ከዚያ ተነስቶ የሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ልክ አልነበረም፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አርመውታል። ግን ዋናን ዓይተህ፣ ለክተህ፣ ታሻሽለዋለህ የሚለው አካሄድ ዛሬ በየቡድኑ ያለው ነው። (ሰውየው ራሱ ቀላል ሰው አልነበረም። በ1979፣ በ58 ዓመቱ፣ ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ያለውን ባሕር ዋኝቶ ተሻግሯል።)

"ተፎካካሪ አልነበረውም" የሚለው ይቀጥል። ከፊሉን እቀበላለሁ። ቻይና በ1972 ኦሊምፒክ ውስጥ አልነበረችም። አፍሪካ ከዋና ገንዳው አካባቢ የለችም ማለት ይቻላል። ዛሬ የሚዋኘው ዓለም ያኔ ከሚዋኘው በጣም ይሰፋል። ግን ያልተነገረ ነገር አለ። ያኔ አንድ አገር በአንድ ውድድር ሦስት ዋናተኛ ያሰልፍ ነበር፤ ከ1984 ወዲህ ሁለት ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ የዘመኑ ፈጣኖች ነበሩ። ስፒትዝ ፍጻሜው ላይ የሚያገኘው ከሌላ አገር የመጣ ደካማ ሰው ሳይሆን ቺካጎ ላይ በተደረገው የአሜሪካ ማጣሪያ አንገት ላንገት የተናነቁትን ነው። 200 ሜትር ቢራቢሮን ተመልከቱ፣ ሦስቱም ሜዳልያ የአሜሪካ ነው። 100 ሜትር ነጻ ዋና ላይ ጄሪ ሃይደንራይክ በ0.43 ሰከንድ ብቻ ነው የተቀደመው፤ ስፒትዝም ያን ውድድር መግባቱን ራሱ ሲያመነታበት ነበር፣ እሸነፋለሁ ብሎ። ተፎካካሪ የሌለው ሰው ምን ያመነታል?

ደግሞ ሜክሲኮን ረሱት። በ1968 ስፒትዝ የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ስድስት ወርቅ እወስዳለሁ ብሎ ፎከረ። ፉከራውን ጸሐፊው እንደ ትዕቢት ጠቅሰውታል፣ ትዕቢትም ነበር። ውጤቱን ግን አልጠቀሱም። ሁለት ወርቅ ብቻ፣ ሁለቱም በቅብብል። በ100 ሜትር ቢራቢሮ ብር፣ በ100 ሜትር ነጻ ዋና ነሐስ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት በሆነበት በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ደግሞ መጨረሻ ወጣ። ስምንተኛ ከስምንት። ዘመኑ ቀላል ከነበረ ያን ቀን ሰባቱ ከየት መጡ?

አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምርና ልለፈው። ከሙኒክ አራት ዓመት በኋላ፣ ሞንትሪያል ላይ፣ 100 ሜትር ቢራቢሮን ማት ቮግል በ54.35 አሸነፈ። ስፒትዝ ሙኒክ ላይ 54.27 ነበር። ሌላው ሁሉ በሰከንዶች ሲፈጥን የቢራቢሮው ወርቅ ግን አራት ዓመት ቆይቶ እንኳን ስፒትዝ ላይ አልደረሰም።

የቅብብሉን በአጭሩ። ልክ ናቸው፣ አሜሪካ ያለ ስፒትዝም ሦስቱን ሳታሸንፍ አትቀርም ነበር። አራት ሰው 200 ሜትር 200 ሜትር በሚቀባበልበት ምዕራብ ጀርመንን በስድስት ሰከንድ ገደማ ነው የቀደሙት፣ ማንም ቢገባ ያው ነበር። ግን ይሄ ሕግ ለሁሉም ይሥራ። ቤጂንግ ላይ ጄሰን ሌዛክ የመጨረሻውን 100 ሜትር በ46.06 ዋኝቶ ፈረንሳዊውን አለን በርናርድን በ0.08 ሰከንድ ባይቀድመው የፌልፕስ ስምንት ሰባት ይሆን ነበር። ያን ወርቅ "የሌዛክ ነው" ብለን ከፌልፕስ ላይ እንቀንስ? ጸሐፊው ፌልፕስን ሲያወድሱ ስምንቱንም ቆጥረዋል፣ ስፒትዝ ላይ ሲደርሱ ግን አራት ብቻ። ሚዛኑ አንድ ይሁን።

ፌልፕስስ? እዚህ ጋ ብዙ አልከራከርም። ፌልፕስ ይበልጣል። ከ2000 እስከ 2016 አምስት ኦሊምፒክ፣ 23 ወርቅ፣ በድምሩ 28 ሜዳልያ። ስፒትዝ በሁለት ኦሊምፒክ 11 ነው፣ ዘጠኙ ወርቅ። ፌልፕስ ቤጂንግ ላይ አራቱን የዋና ዓይነቶች የሚያፈራርቁትንም አሸንፏል፤ ስፒትዝ ነጻ ዋናና ቢራቢሮ ብቻ ነው። ማጣሪያው፣ ግማሽ ፍጻሜው፣ ፍጻሜው ሲደመር ፌልፕስ 17 ጊዜ ነው ውሃ ውስጥ የገባው። ይሄን ሁሉ እፈርምላቸዋለሁ።

ነገር ግን "ያኔ አበቃ" የሚለው ሌላ ነው። ስፒትዝ በ22 ዓመቱ ለምን እንዳቆመ ጸሐፊው "ጠግቦ" ብለው ነው ያለፉት። ያኔ ኦሊምፒክ የአማተር ነበር። በስሙ አንድ ዶላር ያገኘ ሰው ተመልሶ አይወዳደርም። ሙኒክ ላይ ሜዳልያ ሊቀበል ሲወጣ የአዲዳስ ጫማውን በእጁ ይዞ ለተመልካቹ ስላወዛወዘ ብቻ ማስታወቂያ ሠራህ ተብሎ ኮሚቴ ፊት ቀርቧል፣ ነጻ ቢሉትም። ጫማ ይዞ በመታየቱ! ፌልፕስ እስከ 31 ዓመቱ የዋኘው ዋና እንጀራ ሊሆን ስለቻለ ነው። ስፒትዝ መምረጥ ነበረበት፣ ገንዘቡን መረጠ፤ የሙኒኩ ፎቶ ደግሞ ዋናተኛም ስሙን ሸጦ ሊኖር እንደሚችል ለዓለም አሳየ።

ቁጥሩስ? ሰባት የሚለው ቁጥር 36 ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሳድድ ነው የኖረው። በ1988 ማት ቢዮንዲ ሰባት ውድድር ገባ፣ በአምስቱ ወርቅ ወሰደ፤ 100 ሜትር ቢራቢሮውን ደግሞ እየመራ መጥቶ ግድግዳው ላይ በአንድ መቶኛ ሰከንድ በሱሪናሙ አንቶኒ ኔስቲ ተነጠቀ። 53.00 ለ53.01። ፌልፕስ ራሱ በ2004 አቴንስ ላይ ሞክሮ ስድስት ወርቅና ሁለት ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ስፒዶ "ስፒትዝን ከደረስክበት አንድ ሚሊዮን ዶላር" ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ያን ገንዘብ ያገኘው በ2008 ነው። እንግዲህ ምንም ያልተወ ሰው ላይ ለመድረስ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደረጓት ነገር አለች፤ ስፒትዝ የታወቀው ሙኒክ ላይ በተፈጸመው ግድያ ምክንያት ነው የምትል። ቀኑን ማየት ይበቃል። ሰባተኛውን ወርቅ የወሰደው መስከረም 4 ነው በፈረንጆቹ። ታጣቂዎቹ የእስራኤልን ቡድን ማረፊያ የሰበሩት በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነው፣ በመጨረሻ 11 የእስራኤል ቡድን አባላት ተገደሉ። ስፒትዝ ራሱ አይሁዳዊ ስለሆነ በጥበቃ ታጅቦ ከከተማው ወጣ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ የእሱን ፎቶ ሊያወጣ በነበረበት ቀን ሌላ ዜና መጣ። ይሄ ዝናውን ጨመረለት ማለት ይከብዳል።

የቀረው መዝጊያው ጥይት ነው፣ 1992። ታሪኩ እውነት ነው። ስፒትዝ ከ40 ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ ባርሴሎና ኦሊምፒክ ልመለስ አለ። ፊልም ሠሪው በድ ግሪንስፓን ለአሜሪካ ማጣሪያ የሚያበቃውን ሰዓት ካመጣህ አንድ ሚሊዮን ዶላር አለው። በ100 ሜትር ቢራቢሮ የሚፈለገው ሰዓት 55.59 ነበር፤ ስፒትዝ 58.03 ዋኘ። አልደረሰም። ጸሐፊው "ይሄው፣ እውነተኛ ልኩ ታየ" ይላሉ።

ታየ እንጂ። 55.59ን ያዙልኝና ወደ 1972 ተመለሱ። ሙኒክ ላይ በዚሁ ውድድር ሁለተኛ የወጣው ካናዳዊው ብሩስ ሮበርትሰን 55.56 ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የአሜሪካን ማጣሪያ መግቢያ በሦስት መቶኛ ሰከንድ ነው የሚያልፈው። ስፒትዝ፣ ያ ያለ መነጽር፣ ያለ ኮፍያ፣ በናይለን ፓንት፣ ሪዙን ሳይላጭ የዋኘው የ22 ዓመት ልጅ፣ 54.27 ነበር። ባርሴሎና ላይ ወርቁን የወሰደው ፓብሎ ሞራሌስ በስንት እንዳሸነፈ ጽሑፉ ውስጥ የለም። በ53.32 ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ መነጽሩም የውሃ ሥሩም ተጨምሮበት፣ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አልሞላም።